አረም እንዳይነቀል የለመንኩበት ቀን

ሰብል ላይ የሚሠራ ሰው አረም ሲነቀል ካየ ደስ ይለዋል። እኔ ግን አንድ የሐምሌ ገብርኤል ቀን፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሶ፣ ነጠላዬ ወገቤ ላይ ታስሮ፣ ሰው የሞላበት ማሳ ዳር ቆሜ «ስለ ገብርኤል ብላችሁ አረሙን ተዉት!» እያልኩ ስጮኽ ነበር። በመጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥሎ አዘኑልኝ። አንዲት ሴትዮ «ይቺን ልጅ ጠበል ውሰዷት» ብላ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ እኔም ዛሬ ሳስታውሰው እስቃለሁ። ያን ሰዓት ግን ከሳቅ ጋር አልተገናኘንም።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አዜብ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ተመርቄ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ ከተማ ነው። ዘመድ የለኝ፣ የማውቀው ሰው የለኝ። እናቴ በደወለች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «ዝውውሩ ከምን ደረሰ?» ትለኛለች። እኔም «ጸልዪልኝ» እላታለሁ። በጠባዬ ጥንቁቅ ነኝ፤ በሩን ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ገፋ የማደርግ ዓይነት ሰው። ሥራዬን በሚገባ እሠራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ ሰዉንም አከብራለሁ። ልቤ ግን መንገደኛ ነበረች።

የስማዳን ቆላ ያስለቀሰው ቅንጨ አረም የሚሉት ነገር ነው። አበባው ነጭና ደቃቅ ሆኖ፣ በሩቅ ሲያዩት ቅንጨ የተበተነበት ይመስላል። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ገባ የሚሉ አሉ፤ በመኪና ጎማ መጣ የሚሉም አሉ። በየትም ይምጣ፣ መንገዱን ይዞ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ግጦሽ ወረደ። በእጅ የነቀለው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ዛሬ አጽድተውት ይገባሉ፣ ዝናብ ሲጥል ከሥር የነበረው ዘር እንደ አዲስ ብቅ ይላል።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ነው እንግዲህ ጥንዚዛዋ የመጣችው። ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቋቁር መስመር ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ናት። የመጣችው አረሙ ራሱ ከመጣበት ባሕር ማዶ ነው፤ እዚያ እሷ ስላለች አረሙ እንዲህ አይጠግብም። እዚህ እሱ ሲመጣ ጠላቱ ቀረች፣ ነገሩ ይኸው ነው። የምርምር ሰዎች ጤፉንም፣ ማሽላውንም፣ ኑጉንም እያቀረቡላት ለረጅም ጊዜ ፈትነዋታል፤ እሷ የምትወደው ቅንጨ አረምን ብቻ ነው። ለእኔ የደረሰኝ አንድ ካርቶን ነበር። «በደንብ ያዢያቸው፤ ለዚህ ክረምት ሌላ የለም» ተብዬ ተቀበልኩ።

ችግሩ ማሳ ማግኘት ነበር። ጥንዚዛዋ የምትበላውም የምትራባውም አረሙ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ማሳ ሳይታረስ፣ ሳይዘራ፣ ሳይታረም ከነአረሙ መክረም አለበት። ይህን ከወገዳ ቁልቁል ባለች አንዲት የቆላ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስናገር ሁሉም አቀርቅሮ መሬት ይጭር ጀመር። ማን ይፍረድባቸው? ክረምት ሙሉ መሬቱን ለነፍሳት የሚያበድር ገበሬ የት ይገኛል?

«የእኔን ውሰጂ» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

እትዬ ዘርፌ ናት። ባሏ ከሞተ ጊዜው ራቅ ብሏል፤ ልጆቿ አግብተው ሄደዋል። የእጆቿ ቆዳ በአረሙ የተነሣ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ማሳ ሌላ ያላት፣ ለእኩል አራሽ የሰጠቻት አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ናት።

«አምና ከዚያ ማሳ ያገኘሁት ማሳከክ ነው። ውሰጂው። ግን ልጄ፣» አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ «ባዶ እጄን እንዳታስቀሪኝ።»

ጥንዚዛዎቹን የለቀቅን ቀን ሰዉ ተሰብስቦ አየ። የአጥቢያው አገልጋይ አባ ሞላ ጸሎት አደረሱ። አያ ደሴ የሚባሉ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ወደ ካርቶኑ አጎንብሰው አዩና «አዬ ልጄ! እኛኮ የሚያርሙ ስትይ ጎረምሶች መስለውን ነበር። ይቺማ ለዶሮዬ ቁርስ አትሆንም» አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ማሳውን ማንም እንዳይነካ አደራ አልኩ፤ «እሺ» አሉኝ። ወገዳ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር።

የሐምሌ ገብርኤል ደረሰ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ፣ ጸበል ጻዲቅ ቀምሼ ልወጣ ስል እናኑን አገኘኋት። እናኑ የእትዬ ዘርፌ ጎረቤት ናት። ስለት ልታስገባ በሌሊት ከቆላ ወጥታለች።

«አንቺ እዚህ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «እኔኮ ማሳው ላይ ነሽ ብዬ!»

«የቱ ማሳ?»

«የእትዬ ዘርፌ ነዋ! አባ ሞላ ትናንት ማታ ጅጌ ጠርተዋል። ይኼኔ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። እሷ እንኳ አታውቅም፣ ድንገት ነው የሚደርሱላት። ማታ ስትመጪ ማሳው እንደ አውድማ ተጠርጎ ነው የሚጠብቅሽ። ላንቺም ጭምር ብለን ነው፤ እንግዳችን አይደለሽ?»

ደስታዋን ሳይ ልቆጣት እንኳ አቃተኝ። እዚህ አገር የሚደረገውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በበዓል ቀን ለራሱ እርፍ የሚጨብጥ፣ ለራሱ የሚያርም የለም፤ ነውርም ኃጢአትም ነው። ለአቅመ ደካማ ግን፣ ለባልቴት፣ ለታመመ ሰው፣ ከቅዳሴ መልስ ተጠራርተው በጅጌ ይሠሩለታል። ለነፍስ ነው ይላሉ። ያንን ልማድ በመጣሁበት ዓመት ሳየው ዕንባዬ መጥቶ ነበር። አሁን ያ ደግ ልማድ ዞሮ ዞሮ እጄ ላይ ያለችውን አንዲት ተስፋ ሊነቅላት ነው።

ስልክ ሞከርኩ። ቆላው ውስጥ ኔትወርክ የለም።

«እናኑ፣ እንሂድ!»

«ኧረ ቀስ፤ ገና ጸበል አልጠጣሁም!»

መንገዱ እስካስኬደ ድረስ በባጃጅ ሄድን። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ የእግር ነው። የሐምሌ ጭቃ ጫማዬን አንዴ ይዞ ሲለቅ፣ አንዴ ይዞ ሲያስቀር፣ በመጨረሻ ሁለቱንም አውልቄ በእጄ ያዝኩ። እናኑ እንደ ሚዳቋ እየዘለለች ከፊቴ ትወርዳለች፤ እየቆመች ትጠብቀኛለች።

«እኔ የማይገባኝ» ትላለች፣ «አረሙ ይጥፋ ብለሽ አይደለም እንዴ የመጣሽው? ይኸው ጠፋልሽ። ምን ያስሮጥሻል?»

«ጥንዚዛዎቹስ?»

«ሌላ አረም ሞልቷል፤ እግር የላቸው? ይሂዱ!»

ታች ያለችው ጅረት ሞልታለች። እናኑ «ነጠላሽን ወገብሽ ላይ እሰሪ» ብላ እጄን ያዘችኝ። ውኃው ጭኔን ሲመታኝ ስለ ራሴ አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ። ግን በልቤ የምለው «ገብርኤል አባቴ፣ የዘርፌን ነገር» ነበር። ወዲያ ማዶ ስንወጣ ዘፈኑን ሰማነው።

«ዘርፌ ሆይ ማሳሽ ፊቱን ታጠበልሽ፣
ሰው የለኝ አትበይ፣ እኛ አለንልሽ!»

ሌላ ቀን ቢሆን አብሬ አጨበጭብ ነበር።

ማሳው ታየኝ። ወንዱም ሴቱም ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ ጎንበስ ብሎ ይነቅላል። ከላይ ጀምረው ከግማሽ በላይ ወርደዋል። ከኋላቸው ጥቁር መሬት ብቻ። የተነቀለውን አረም ሌሎቹ እየተሸከሙ ጅረቱ ዳር፣ ገደሉ አፍ ላይ ይከምሩታል። ጎርፍ ይዞት እንዲሄድ ነው። አንዱ ክምር ሲገፋና ውኃው ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አየሁ። ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት።

ዘፈኑ ቆመ። ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው ልጄ፣» አሉ አያ ደሴ፣ «አረሙ ዘመድሽ ነው?»

ሳቁ ማሳውን ሞላው። ወደ አባ ሞላ ሮጥኩ። እሳቸውም እንደ ሰዉ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲያርሙ ነበር።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ያስቁሙልኝ እባክዎ!»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?»

«ጥንዚዛዎቹ አባ! ማሳው እንዳይነካ ብለን አልነበረም?»

«ብለን ነበር» አሉ እርጋታቸው ሳይጎድል። «ግን ትናንት በዚህ ሳልፍ አየኋቸው። አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ፣ ያችን ታህል ፍጥረት አንድ ቅጠል ይዛ ስትታገል። ይህን ሁሉ ሜዳ ለእነሱ ብቻ ትቶ መቀመጥ ግፍ መሰለኝ። እናግዛቸው ብዬ ነው።»

ጥንዚዛዎቹም ለእሳቸው አቅመ ደካማ ናቸው። ጅጌ የተጠራው ለእትዬ ዘርፌ ብቻ አልነበረም። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ለዚህ ምን ትመልሱ ነበር?

ሰዉ መካከል እትዬ ዘርፌን አየኋት። እጇ ላይ የአረም እቅፍ ይዛለች። ከሁሉ ቀድማ ፊቴን ያነበበችው እሷ ናት። እቅፉን ለቀቀችው።

«አበላሸን እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «መንገደኛው ሁሉ የዘርፌ ማሳ የጅብ ዋሻ ሆነ እያለ ሲያልፍ አፍሬ ነበር፤ ሲመጡልኝ ደስ አለኝ፣ አልከለከልኳቸውም። ባዶ እጄን ቀረሁ ማለት ነው?»

«አላውቅም እትዬ» አልኳት። እውነቴን ነው።

ንግግር እንደማይሆን ገባኝ። ከእግሯ ሥር ከጣለችው እቅፍ አንዱን ግንድ አነሣሁና ቅጠሉን ገለበጥኩት። የመጀመሪያው ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ ነው። ሰዉ ከቦኝ እያየ ነው፤ አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስተኛውን ስገለብጥ አገኘሁት፤ ከቅጠሉ ጀርባ የተለጠፉ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቢጫ ነጠብጣቦች። ጫፉ ላይ ያለውን እምቡጥ ስፈለቅቅ ደግሞ ውስጡ አንዲት ትል ተጠቅልላ ትበላለች።

«ይኸውላችሁ። ትልልቆቹን አይደለም የምንጠብቀው። እንቁላሉ ይህ ነው፣ ልጆቹ እነዚህ ናቸው። አረሙ እንዳያብብ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።»

አባ ሞላ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቅጠሉን ወደ ብርሃን አነሡት። እናኑ በትከሻቸው በኩል አንገቷን አስግጋ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወይ ጉድ! ወልደው ነው እንዴ? ታዲያ እኛ አራስ ቤት ነዋ ያፈረስነው!»

እኔ ቀኑን ሙሉ ባስረዳ የማይሆነውን እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው። አራስ የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ በሰልፉ ውስጥ ሄደ። ሴቶቹ የጨበጡትን አረም እሳት እንደነካ ሰው ለቀቁት። አንዲት እናት «ማርያም ይቅር ትበለን» ስትል ሰማሁ። በአራስ ላይ ቤት ያፈረሰ ሰው አገሩ ላይ ታይቶ አያውቅማ!

«እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ?» አሉ አባ ሞላ።

«የተነቀለው ሳይደርቅ ተመልሶ ያልተነቀለው ውስጥ ይግባ። ትሎቹ ከደረቀው ወጥተው ወደ ለምለሙ ይሄዳሉ። ገደሉ አፍ ላይ ያለው ክምር ደግሞ አሁኑኑ ይነሣ፤ ውኃ ከወሰደው ዘሩንም ታች ላሉት ነው የሚዘራላቸው።»

«የነቀልነውን መልሰን ማሳ ውስጥ እንክተት ነው የምትይን?»

«አዎ አባ።»

አባ ሞላ ዞር አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሰምታችኋል!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው አረም እየታቀፈ ወደ ማሳ ይገባ ጀመር። ወንዶቹ ወደ ገደሉ አፍ ሮጡ፤ አፈሩ በውኃው እየተናደ የክምሩ ጠርዝ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘው ከዳር ወደ ውስጥ እየተቀባበሉ ሳቡት። የመጨረሻው ሸክም እንደተነሣ የቆሙበት ጠርዝ ተገምሶ ጅረቱ ውስጥ ገባ፤ ሰው ግን ተርፏል፣ ተመስገን። ሴቶቹ ባዶው መሬት ላይ ተበታትነው የወደቁትን ጥንዚዛዎች እየለቀሙ በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። እትዬ ዘርፌ በዚያ በተሰነጣጠቀ እጇ አንድ አንዷን እያነሣች፣ «ነይ እናቴ፣ ነይ» እያለች ቅጠል ላይ ታስቀምጣለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ አረም ሳወጣ ኖሬ» ይላሉ አያ ደሴ ሸክማቸው ሥር ሆነው፣ «በስተርጅና አረም ላስገባ!»

በዚህ መካከል ከእስቴ ገበያ በበቅሎ የሚመለስ አንድ የጨርቅ ነጋዴ መንገዱ ላይ ቆሞ ይመለከተን ጀመር። ሰውየው ግራ ገባው።

«እናንተ ሰዎች፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን!» አሉት አያ ደሴ። «አራስ እየጠየቅን ነው!»

ነጋዴው «አላህ ያሽራችሁ» ብሎ በቅሎዋን ኮለኮላት። ማሳው በሳቅ ተናጋ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅም ዕንባዬ መጣ። እትዬ ዘርፌ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ስትለቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ አላባራ አለ፣ ጅረቷም አላሻግር አለችኝ። በየማለዳው ኪዳን ስሄድ የምለምነው አንድ ነገር ሆነ። ሰው ሥላሴን ስለ ጥንዚዛ ይለምናል? እኔ ለመንኩ። ፍልሰታ ጾም ውስጥ ውኃው ጎደል ሲል ወረድኩ። እትዬ ዘርፌ ማሳው ዳር ቁጭ ብላለች፤ ስታየኝ እጇን አወራጨች።

«ቀስ! እግርሽን ቀስ አድርጊ!»

ቀስ አድርጌ ገባሁ። ቅጠሎቹ እንደ ወንፊት ተበሳስተዋል። ጫፋቸው ተበልቶ ያበበው ጥቂት ነው። ግንዱ ላይ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ የትም ባይ ትልና ጥንዚዛ። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። በጋ ሲገባ ጥንዚዛዎቹ መሬት ውስጥ ገብተው ተሰወሩ፤ ጠባያቸው ነው። ያን ጊዜ «የአዜብ ከብቶች ጠፉ» እየተባልኩ ተሾፈብኝ። በቀጣዩ ክረምት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ ከአፈሩ ወጡ፤ አባ ሞላ አይተው ማተባቸውን ይዘው ቆሙ። ሌላም ዓመት አለፈና በዚያ ማሳ የሚወጣው አረም ቀጫጫና አበባ የሚያጥረው ሆነ። እትዬ ዘርፌም ማሳዋ ላይ ጤፍ ዘራች። አረሙ ጨርሶ ጠፋ አልላችሁም፤ እጅም ማረሻም አሁንም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰው ከአረሙ ጋር ብቻውን አይደለም።

እኔን የለወጠኝ ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የምርምሩ ውጤት አይመስለኝም። ያ ሁሉ ሰው ራሱ የደከመበትን ሥራ፣ ከሩቅ በመጣች ልጅ ቃልና በአንድ ቅጠል ጀርባ ምክንያት፣ ያለ ቁጣ ሲያፈርስ ማየቴ ነው። ማንም «ለምን ቀድመሽ አልመጣሽም» አላለኝም። እናንተ የምታነቡ፣ ሰው በቅንነት የሠራውን ሥራ አፍርሱ ማለት ቢገጥማችሁ ጩኸቱን ከእኔ አትማሩ፤ ቅጠሉን ግን ገልብጡና አሳዩ። ዝውውሩ ሲመጣ ለእናቴ ደወልኩና «እማዬ፣ እዚሁ ልቆይ» አልኳት። እሷም «ሰው አገኘሽ?» አለችኝ። «አገር ሙሉ» አልኳት። ይህንንም የምጽፍላችሁ ከወገዳ ነው።

እትዬ ዘርፌ ጤፏን ባስገባች ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ከወዲያኛው አጥቢያ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ቤቷ መጡ። እንደ ዕድል ሆኖ እኔም እዚያ ነበርኩ። ተቀመጡ ስትላቸው አልቀመጥ አሉ።

«ጥያቄ ይዘን ነው የመጣነው» አሉ ትልቁ። «ልጆችሽን ስጪን ብለን።»

የመጡት ለጥንዚዛዎቹ ነው። እትዬ ዘርፌ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጅ እንደሚድር ሰው ፊቷን ቆጠር አደረገች።

«ማሳችሁ እንዴት ያለ ነው? አይርባቸውም?»

«ኧረ አረሙ እስከ ወገብ ነው!»

«ጅጌ ታበዛላችሁ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። እኔ በአገጬ ወደ እሷ ጠቆምኩ፤ ነገሩ የእሷ ነው።

«እንተዋለን» አሉ። «እስኪወልዱ እስኪከብዱ ማንም አይገባም። አባታችን ማሳውን በግዝት አስረውልናል።»

ወጣችና ማሳዋ ዳር፣ ለእነሱ ብላ ከተወችው ጥግ፣ ጥንዚዛዎቹን ከነቅጠላቸው ወደ አንድ ቅርጫት አራገፈች። አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍና አሰረችው። ሽማግሌዎቹ ቅርጫቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ መርቀዋት መንገድ ጀመሩ። እሷም እስከ ጅረቱ ድረስ ከኋላቸው እየሸኘች ትጣራ ነበር፤

«ቁልቁለቱን ቀስ በሉ! እንዳታንገላቷቸው!»